የወደቀው ድንጋይና ያየው ሰው
ስለ ሰማይ ድንጋዮች መዛግብት የቀረበ ሂሳዊ ምርመራ

ከሰማይ ስለሚወድቅ ድንጋይ የሚጻፍ ነገር ሁሉ በሁለት መሠረት ላይ ይቆማል። አንደኛው ድንጋዩ ራሱ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ድንጋዩ ሲወድቅ ብርሃኑን ያየው፣ ድምፁን የሰማው፣ ከወደቀበትም ስፍራ ያነሣው ሰው ነው። ለመጀመሪያው ሚዛን፣ አጕሊ መነጽርና ቤተ ሙከራ ተዘጋጅቶለታል። ለሁለተኛው ግን የተዘጋጀለት ነገር ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው ይኸው ጕድለት ሲሆን፣ የሰማይ ድንጋዮች መዛግብት የገጠሩን ሰው ምስክርነት እንዴት እንደሚቀበሉ፣ ምኑን እንደሚያስቀምጡና ምኑን እንደሚጥሉ ይመዘናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩

ለምርመራው መነሻ የሚሆነው የጉርሱም ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ በ1981፣ በዚያን ጊዜ የሐረርጌ ክፍለ ሀገር ይባል በነበረው ምድር ወደቀ፤ ስሙንም ከጉርሱም አገኘ። ክብደቱ 34 ኪሎ ግራም ከ650 ግራም፣ ዐይነቱም «ኤች 4/5» መሆኑ በዓለም አቀፉ የሜትዮራይት መዝገብ ተጽፎ ይገኛል። «ኤች» የሚለው ፊደል በተራዎቹ የሰማይ ድንጋዮች መካከል ብረት የሚበዛበትን ወገን ያመለክታል፤ ቍጥሮቹም ድንጋዩ ገና በእናት አካሉ ውስጥ ሳለ ሙቀት ምን ያህል እንደ ለወጠው ይናገራሉ። እንግዲህ አንድ አንባቢ ከዚህች አንዲት መስመር ብቻ ተነሥቶ፣ ድንጋዩ የፀሐይ ቤተሰብ በተፈጠረበት ዘመን፣ ከ4 ቢሊዮን ከ500 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ከተጠራቀመ ትቢያና ጠጠር የተሠራ መሆኑን ለመረዳት ይችላል። ይህ ቀላል ዕውቀት አይደለም።

ይሁን እንጂ ያችው መስመር ስለ ጉርሱም ሰው የምትናገረው የለም። የመዝገቡ ሠንጠረዥ የሚጠይቀው ስሙን፣ ሲወድቅ ታይቷል ወይስ ኋላ ተገኝቷል የሚለውን፣ ዓመቱን፣ አገሩን፣ ዐይነቱንና ክብደቱን፣ እንዲሁም የስፍራውን የካርታ ልክ ነው። «ታይቷል» የሚል ቃል በሠንጠረዡ ይገኛል፤ ማን አየው፣ ምን ሲሠራ ሳለ አየው፣ ባየ ጊዜስ ምን አለ ለሚለው ግን የተከፈተ ዐምድ የለም። «ታይቷል» የሚለው ቃል ራሱ በገበሬ፣ በእረኛ ወይም በመንገደኛ ዐይን ላይ የቆመ ሆኖ ሳለ፣ የዐይኑ ባለቤት ከመዝገቡ ውጭ ቀርቷል።

ለመዝገቡ የሚገባው ፍርድ ግን በሚዛን ሊሰጥ ይገባዋል። ሠንጠረዥ የተሠራው ለማነጻጸር እንጂ ለመተረክ አይደለም፤ በአጭሩ መጻፉም ከብዛቱ የተነሣ ነው። ከዚህም በላይ በቅርብ ዘመን በሚወጡት ሰፋ ያሉ መግለጫዎች ላይ «ታሪክ» የሚል አጭር ክፍል ታክሎ፣ አንዳንድ ጊዜ የመንደሩ ሰው ያየውና ያነሣው ነገር ይጠቀሳል። ነገር ግን ይህ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው ሁለት ነገር ለማስረዳት ብቻ ነው፤ ይኸውም ድንጋዩ በእርግጥ መውደቁን፣ ከዚያም ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ተላለፈ ነው። ምስክሩ የሚፈለገው ለድንጋዩ ዋስ እንዲሆን እንጂ፣ ቃሉ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው ተብሎ አይደለም።

በዓለም አቀፉ መዝገብ ስማቸው የጸናላቸው የሰማይ ድንጋዮች ከ70 ሺህ ይበልጣሉ። ከእነዚህ ውስጥ ሲወድቁ የታዩት ከመቶ 2 እጅ እንኳ አይሞሉም። አብዛኞቹ ሰው በማይኖርበት በአንታርክቲካ በረዶ ላይ፣ ወይም ሰው በማይበዛበት በሰሐራና በዐረብ ምድረ በዳ የተለቀሙ ናቸው። ምስክር ያለው ድንጋይ እንዲህ ያለ ብርቅ ነገር ከሆነ፣ ምስክርነቱን ከሠንጠረዥ ማስቀረት ከጥቂቱ ላይ ቀንሶ እንደ መጣል ይቈጠራል።

፪

የሜትዮራይት ማኅበር የስያሜ ኮሚቴ በደነገገው ሥርዓት መሠረት፣ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ የሚጠራው በአቅራቢያው ባለ ከተማ፣ መንደር፣ ወንዝ ወይም ተራራ ስም ነው። ደንቡ በመልካም ምክንያት የተሠራ ነው፤ ድንጋዩ የትም ቢወሰድና በማንም ቤተ መዘክር ቢቀመጥ የመጣበትን ምድር ስም ይዞ ይኖራል። ይሁንና ይህ ደንብ ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያስቀር በአንድ በታወቀ ስፍራ ላይ መፈተን ይገባል። ለዚህም በዋግ ኽምራ፣ በደሀና ወረዳ የምትገኘውን አምደወርቅን መውሰድ ይቻላል፤ ይህም ድንጋይ ወድቆባታል ለማለት ሳይሆን መዝገቡን በእርስዋ ለመመዘን ብቻ ነው።

በደንቡ መሠረት በከተማይቱ አጠገብ የወደቀ ድንጋይ «አምደወርቅ» ተብሎ ይጠራል፤ ስሙም ከፓሪስ እስከ ቶክዮ ይነበባል። ከስሙ ቀጥሎ ግን የሚጻፈው ዓመቱ፣ ዐይነቱና ክብደቱ ነው። ምስክሩ ቃሉን የሰጠው በአማርኛ ይሁን ወይም በኽምጣንጋ የሚጠይቅ ዐምድ የለም። ዋግ ግን ሁለቱም ቋንቋዎች ጎን ለጎን የሚነገሩበት አገር ነው፤ አንድ ሰው በድንጋጤ ሰዓት የሚያወጣው ቃልና ኋላ በጽሕፈት ቤት ለጸሐፊ የሚሰጠው ቃል በአንድ ቋንቋ ላይሆን ይችላል። መጀመሪያ የተነገረው ቃል ካልተጻፈ፣ በትርጕም የሚደርሰው ነገር የተርጓሚው እንጂ የምስክሩ አይደለም።

ከቋንቋው ቀጥሎ የሰዓትና የቀን አቈጣጠር ይመጣል። አንድ የአምደወርቅ ገበሬ «ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ ነበር» ቢል፣ የሀገሩን ልማድ የማያውቅ መዝጋቢ 3 ሰዓትን ከእኩለ ሌሊት ይቈጥረዋል፤ በዚህም 6 ሰዓት ይስታል። ከዓመቱ ላይ 7 ወይም 8 ዓመት፣ ከቀኑም ላይ እንዲሁ ሊስት ይችላል። ብዙ ሰው ደግሞ ቀኑን የሚያስታውሰው በቍጥር ሳይሆን በሚካኤል፣ በገብርኤል ወይም በማርያም፣ አለዚያም በገበያ ቀን ነው። ይህ አቈጣጠር ለሚያውቀው ሰው ከብዙ ሰዓት መቍጠሪያ ይልቅ የታመነ ነው፤ ወሩ ከተጠየቀ ሚካኤል ምንጊዜም 12 ገብርኤልም 19 ነውና። ለማያውቀው መዝጋቢ ግን «ቀኑን አያስታውስም» ተብሎ ይቀራል። እንዲህ ያለው ስሕተት የምስክሩ ሳይሆን የጠያቂው ነው።

ስለ አቅጣጫና ስለ ርቀትም ነገሩ ይኸው ነው። በተራራና በገደል በተከፋፈለ አገር፣ ከሰቆጣ በኩል ያለ ሰውና ከላስታ በኩል ያለ ሰው አንዱን ብርሃን በተለያየ አቅጣጫ ያዩታል። የሁለቱ ቃል ሲለያይ አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ ይልቁንም ልዩነቱ የድንጋዩን መንገድ ለመለየት የሚያስፈልገው ዋናው መረጃ ነው። ድምፅ በአንድ ሰከንድ ከአንድ ኪሎ ሜትር ሲሶ ያህል ብቻ ስለሚጓዝ፣ ብርሃኑ ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ አንድ ደቂቃ ከፈጀ ፍንዳታው የተከሠተው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ሰዓት ያላሰረ ሰው ደቂቃ አልቈጠረም፤ ነገር ግን «ብርሃኑን ካዩ በኋላ ድምፁ እስኪደርስ ድረስ ምን ሠሩ፣ የት ደረሱ?» ተብሎ በአክብሮት የተጠየቀ ሽማግሌ፣ በሬዎቹን ስንት ትልም እንዳስኬደ ወይም ከየትኛው ዛፍ እስከ የትኛው ዛፍ እንደ ተራመደ ይናገራል። ያም ልክ ኋላ በስፍራው ተለክቶ ወደ ሰከንድ ይመለሳል።

፫

የገጠር ሰው ምስክርነት ለዚህ ጥናት ዳር ቆሞ የሚታይ ነገር እንዳልሆነ የጥናቱ የራሱ ታሪክ ይመሰክራል። በ1790 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በባርቦታን አካባቢ ድንጋዮች ከሰማይ በወደቁ ጊዜ፣ የከተማው ሹም 300 ያህል ምስክሮችን ቃል አስፈርሞ ላከ። በርቶሎን የተባለው የሳይንስ መጽሔት አዘጋጅ ግን አንድ የከተማ ምክር ቤት እንዲህ ያለውን የባላገር ተረት በፊርማ ማጽናቱ የሚያሳዝን ነው ብሎ ተሳለቀ። በዚያ ዘመን የተማሩት ሰዎች በሰማይ ድንጋይ የለም፣ ስለዚህም ከሰማይ ድንጋይ አይወድቅም ይሉ ነበር። ምስክሮቹ 300 ቢሆኑም ክርክሩ የተፈረደው በብዛታቸው ሳይሆን በማንነታቸው ነበር።

ከዚህ በኋላ ነገሩን የለወጡት ሁለት ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው በ1794 የታተመው የኤርንስት ክላድኒ መጽሐፍ ነው። ክላድኒ ሕግ የተማረ ሰው ስለ ነበረ፣ በየዘመኑ የተሰጡትን የዐይን ምስክሮች ቃል እንደ ዳኛ እያነጻጸረ መረመረ፤ በየአገሩ የተለያዩ ሰዎች ሳይተዋወቁ አንድ ዐይነት ነገር መናገራቸውንም ማስረጃ አድርጎ ተቀበለ። ከመረመራቸው ነገሮች አንዱ በሳይቤርያ የተገኘው 700 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝነው የፓላስ ብረት ነበር። የአካባቢው ታታሮች ይህ ብረት ከሰማይ የወደቀ ቅዱስ ነገር ነው ይሉ እንደ ነበር ፓላስ ራሱ ጽፎታል። ሊቃውንቱ ዘግይተው የደረሱበትን እውነት የአገሩ ሰዎች አስቀድመው ተናግረውት ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ሥራ የዣን ባቲስት ቢዮ ዘገባ ነው። ሚያዝያ 26 ቀን 1803 በኖርማንዲ በሌግል ከተማ ዙሪያ 3 ሺህ ያህል ድንጋዮች ወደቁ፤ የፈረንሳይ የአገር ግዛት ሚኒስትርም ወጣቱን ቢዮን ወደ ስፍራው ላከው። የቢዮ ዘዴ ዛሬም ሊጠና የሚገባው ነው። በቀጥታ ወደ ወደቀበት ስፍራ አልሄደም፤ ከሩቅ ጀምሮ በየመንደሩ እየጠየቀ ቀስ በቀስ ቀረበ። ማስረጃዎቹንም በሁለት ከፈለ፤ ይኸውም ከድንጋዮቹና ከምድሩ የሚገኘውን በአንድ ወገን፣ ከሰዎች ቃል የሚገኘውን በሌላ ወገን አደረገ። በሥራቸው፣ በኑሯቸውና በማዕርጋቸው የማይገናኙ ሰዎች ቃላቸው በአንድ መግጠሙን አሳየ። ከዚህ ዘገባ በኋላ ከሰማይ ድንጋይ ይወድቃል የሚለው ነገር በሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት አገኘ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ይህ የጥናት ዘርፍ የተወለደው የሊቃውንት ጉባኤ የገበሬን ቃል ለመስማት በተስማማ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው እየረቀቀ ሲሄድ፣ ቢዮ እኩል ካስቀመጣቸው ከሁለቱ ማስረጃዎች አንዱ እየተገፋ ወደ ግርጌ ወርዷል።

፬

በአፍሪካ ምድር በቅርብ ዘመን የተጻፉ ሦስት ዘገባዎች ይህን መግፋት በተለያየ መጠን ያሳያሉ። ከሦስቱ የላቀው የሱዳኑ ነው። ጥቅምት 6 ቀን 2008 በአሜሪካ በአሪዞና የሚገኝ የሰማይ ጥናት ጣቢያ ወደ ምድር የሚመጣ 4 ሜትር ያህል ስፋት ያለው አካል አየ፤ በማግሥቱም ንጋት ላይ በኑብያ ምድረ በዳ ሰማይ ላይ ፈነዳ። የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሙዓውያ ሸዳድና የአሜሪካው ፒተር ጄኒስከንስ የዩኒቨርሲቲውን ተማሪዎችና ሠራተኞች ይዘው ወደ ስፍራው ወጡ፤ ተማሪዎቹም በአንድ መስመር ተሰልፈው አሸዋውን እየፈተሹ ተራመዱ። በተከታታይ በተደረገው ፍለጋ 600 ያህል ስባሪዎች ተለቅመዋል፤ ድምር ክብደታቸው ግን ከ10 ኪሎ ግራም ብዙ አያልፍም። ድንጋዩ የተሰየመው «አልመሐታ ሲታ»፣ ማለት «ስድስተኛው ጣቢያ» ተብሎ በባቡር ጣቢያ ስም ነው።

የዚህ ዘገባ ብልጫ የሰማይ መሣሪያ ያየውን ነገር የምድር ሰው ካየው ጋር ማገናኘቱ ነው። የጣቢያው ሰዎችና የአካባቢው ነዋሪዎች ያዩትን ብርሃን አቅጣጫ እየጠቈሙ አሳይተዋል፤ ድንጋዩን ያገኙትም የዚያው አገር ልጆች ናቸው። በ2009 በ«ኔቸር» መጽሔት በታተመው ዘገባ ላይም ሱዳናውያን ምሁራን በጸሐፊነት ተሰልፈዋል። ይህም ሆኖ የጣቢያው ሰዎች ቃል ያገለገለው ስለ መንገዱና ስለ ፍንዳታው ለማስረዳት ነው፤ ነገሩን በምን ስም እንደ ጠሩትና ምን ትርጕም እንደ ሰጡት የሚጠይቅ ሌላ ባለሞያ አብሮ አልተላከም። ለዚህ ጕዳይ የሚወቀሰው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሳይሆን በስፍራው ያልተገኘው የሥነ ሕዝብ ተመራማሪ ነው።

ሁለተኛው የኡጋንዳው የምባሌ ዘገባ ነው። ነሐሴ 14 ቀን 1992 ከቀትር በኋላ በምባሌ ከተማና በዙሪያዋ ከ800 በላይ ድንጋዮች ዘነቡ። ከእነዚህ አንዱ፣ 3 ግራም ከ6 ዐሥረኛ የሚመዝን ጠጠር፣ በሙዝ ቅጠል ላይ ነጥሮ የአንድ ልጅ ራስ መታ፤ ልጁ ግን ጕዳት አልደረሰበትም። የአካባቢው ሰዎች ደግሞ ድንጋዩ ከፈጣሪ የተላከ የኤድስ መድኃኒት ነው በማለት አንዳንዱን ፈጭተው መጠቀማቸው ተመዝግቧል። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ነገር የሚጠቅሱት አንባቢን ለማስገረም ብቻ ነው። ነገር ግን ያ በሽታ አገሪቱን ባራቈተበትና ፈዋሽ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን፣ ከሰማይ የወረደ ነገር ምን ተስፋ እንደ ቀሰቀሰ የሚናገር ከባድ ማስረጃ ነው። ለኬሚስቱ የተፈጨው ድንጋይ ኪሳራ ነው፤ ለሕዝብ ኑሮ መርማሪ ግን የጥናቱ ዋና ክፍል እርሱ ነው። ሁለቱም እውነት ስለ ሆነ ሁለቱም መጻፍ ነበረበት።

ሦስተኛው በሶማሊያ በሂራን አውራጃ የሚገኘው የኤል ዓሊ ብረት ነው። 15 ቶን ያህል የሚመዝነውን ይህን ብረት የአካባቢው አርብቶ አደሮች ለብዙ ትውልድ ያውቁት ነበር፤ ቢላዋ ይስሉበት፣ በግጥማቸውና በዘፈናቸውም ያነሡት ነበር። «ሺድ ቢሮድ» የሚል የራሳቸው ስምም አላቸው፤ ትርጕሙም የብረት ድንጋይ ማለት ነው። ይሁን እንጂ መገኘቱ የሚቈጠረው ለውጭው ዓለም ከተነገረበት ከ2020 ጀምሮ ነው። በ2022 በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአንዲት ቍራጭ ላይ ከዚያ በፊት በተፈጥሮ ያልታወቁ ማዕድናት አገኙ፤ አንዱን በስፍራው ስም «ኤላላይት»፣ ሌላውን በአንዲት አሜሪካዊት ሊቅ ስም ጠሩት። ትልቁ ብረት ግን ከቦታው ተነሥቶ ወደ ሞቃዲሾ ከተወሰደ በኋላ ወደ ቻይና መሻገሩ ተዘግቧል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ «ተገኘ» የሚለው ቃል መመርመር አለበት። ለትውልድ ቢላዋ ሲሳልበት የኖረ ብረት በ2020 አልተገኘም፤ በዚያ ዓመት የሆነው በመዝገብ መግባቱ ነው። መዝገቡ «ተገኘ» የሚለውን ቃል ለሁለቱም ነገር በአንድነት ስለሚጠቀምበት፣ ያወቀው ሕዝብ እንዳላወቀ፣ ያስመዘገበው ሰው ደግሞ እንደ አግኚ ሆኖ ይነበባል። ይህን ለማረም «በአገሩ የታወቀበት» እና «የተመዘገበበት» የሚሉ ሁለት ዐምዶች መክፈት ይበቃል።

፭

በምስክርነት ላይ የሚነሣ አንድ ተቃውሞ አለ፤ ይኸውም ሰው ይሳሳታል፣ ያጋንናል፣ የሰማውን እንዳየው አድርጎ ይናገራል የሚል ነው። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። ሰኔ 28 ቀን 1911 በግብፅ በናኽላ አካባቢ ከወደቁት ድንጋዮች መካከል አንዱ ውሻ ገደለ የሚለው ወሬ ከአንድ ገበሬ ቃል ወጥቶ በጋዜጣ ታተመ። የተናገረው ቀን ከእውነተኛው ቀን ጋር አልገጠመም፤ ሌላ ምስክርም አልተገኘለትም። ድንጋዩ ኋላ ከማርስ የመጣ መሆኑ ታውቆ ታላቅ ስም አገኘ፤ ብዙ አንባቢ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስታውሰው ውሻውን ነው።

ነገር ግን ይህ ምሳሌ የሚያስረዳው ምስክርነት መጣል እንዳለበት አይደለም። አንድ ሰው ብቻ ተጠይቆ፣ ቃሉ ሳይመዘን በጋዜጣ የወጣ ወሬ ከምስክርነት ሊቈጠር አይገባውም። ቢዮ እንዳደረገው ብዙ ሰዎች ለየብቻቸው ቢጠየቁ ኖሮ ወሬው ወይ ይጸና ወይ ይወድቅ ነበር። ሚዛንም የሚሳሳትበት ጊዜ አለ፤ ሚዛን ተሳሳተ ተብሎ ግን ይስተካከላል እንጂ መመዘን አይቀርም።

የምስክሩን ቃል በጥንቃቄ ለመስማት የቃሉን ትርጕም ማወቅ ያስፈልጋል። በአማርኛ «ተወርዋሪ ኮከብ»፣ «ጅራታም ኮከብ» እና «መብረቅ» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በቅጽበት አልፎ የሚጠፋውን፣ ሁለተኛው ለብዙ ሌሊት በሰማይ የሚታየውን፣ ሦስተኛው ከደመና የሚወርደውን እሳት ያመለክታል። ምስክሩ ከሦስቱ አንዱን ሲመርጥ የብርሃኑን ቆይታ፣ የድምፁን ዐይነትና የሰማዩን ጥራት ጭምር መናገሩ ነው። መዝጋቢው ሦስቱንም ቃላት «ሜትዮራይት» ብሎ ከተረጐማቸው ይህ ሁሉ መረጃ ይጠፋል።

ከዚህም በላይ ኮከብ በዚህ አገር የሰማይ አካል ብቻ አይደለም። ሰው ሁሉ ኮከብ አለው ይባላል፤ በዓውደ ነገሥትም የሰው ዕድል በኮከቡ ይታያል። ሙሉ ቃሉ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረውና ጄምስ ብሩስ በ1773 ወደ አውሮፓ የወሰደው መጽሐፈ ሄኖክ፣ ከሰማይ ወድቆ በከብቶች መካከል ስለ ተሰማራ ኮከብ፣ በጊዜያቸው ባለመውጣታቸውም ስለ ታሰሩ ከዋክብት ይተርካል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የቤተ ክርስቲያኑ ሀብት በሆነበት አገር፣ ካህኑ ስለ ወደቀው ድንጋይ የሚሰጠው ቃል ከድንቍርና የመጣ ተደርጎ ሊታለፍ አይችልም። የራሱ ምንጭና የራሱ ሥርዓት ያለው ንባብ ነው። በአውሮፓም ቢሆን በ1492 በኤንሲስሃይም የወደቀው ድንጋይ በንጉሡ በማክሲሚልያን ዘንድ የድል ምልክት ተብሎ ተተርጕሞ፣ በከተማው ቤተ ክርስቲያን እንዲቀመጥ ተደርጓል። ድንጋዩ ዛሬ ሊጠና የቻለው በዚያ ክብር ተጠብቆ ስለ ኖረ ነው።

፮

ይህ ጕዳይ ከሕግም ጋር ይገናኛል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስን የተረጐመው ከሰው የፈጠራ ችሎታና የሥራ ውጤት ጋር አያይዞ ሲሆን፣ ግዙፍ የሆነውንና ግዙፍ ያልሆነውን ሁለቱንም አቅፏል። በዚህ ትርጓሜ ከተሄደ፣ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ የሰው እጅ ያልሠራው በመሆኑ በቅርስነት ለመግባት ይቸገራል፤ ስለ ድንጋዩ የተነገረው ቃል፣ የወጣለት ስምና የተደረገለት ሥርዓት ግን ግዙፍ ባልሆነው ቅርስ ውስጥ ያለ ችግር ይገባሉ። ድንጋዩ ለገዢ ተሸጦ ወይም ለጥናት ተወስዶ ከአገር ቢወጣ እንኳ፣ በአግባቡ የተጻፈ ምስክርነት ድንጋዩ የማን ምድር እንደ ነበረና ማን እንዳነሣው ለመከራከር የሚያስችል ሰነድ ሆኖ ይቀራል። የኤል ዓሊ ሰዎች ዛሬ በእጃቸው የቀረው ብረቱ ሳይሆን ስሙና ግጥሙ ነው።

እንግዲህ የሚጠየቀው ነገር ብዙ አይደለም። ለእያንዳንዱ ሲወድቅ የታየ ድንጋይ፣ ከክብደቱና ከዐይነቱ ጎን፣ ምስክሮቹ የተናገሩት ቃል በተናገሩበት ቋንቋ ይጻፍ፤ ሰዓቱና ቀኑ በአገሩ አቈጣጠር ተቀምጦ ከጎኑ ይተርጐም፤ ምስክሮቹ የቆሙበት ስፍራ በካርታ ላይ ይመልከት፤ ድንጋዩ በሰው እጅ ሳለ የተደረገለት ሁሉ፣ መታጠቡም ሆነ መፈጨቱ፣ ሳይነቀፍ ይመዝገብ፤ ያገኘው ሰው ቢፈቅድ ስሙ ከአጥኚው ስም ጋር ይቀመጥ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ አገሩን የሚያውቅ ጠያቂና ጥቂት ቀን ነው።

ጊዜው ግን አጭር ነው። የጉርሱም ድንጋይ ሲወድቅ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ከ60 ዓመት አልፎታል፤ በዚያን ቀን በሬ ጠምዶ ያርስ የነበረ ጕልማሳም ዛሬ በሕይወት ካለ በጣም አርጅቷል። ድንጋዩ ከ4 ቢሊዮን ዓመት በላይ ስለ ኖረ፣ ጥናቱ ሌላ 50 ዓመት ቢዘገይ የሚጐድለው ነገር ጥቂት ነው። የምስክሮቹን ቃል ግን የሚጽፈው ካልተገኘ በአንድ ትውልድ ያልቃል። ስለዚህ ወደ ጉርሱም ሄዶ በዕድሜ የገፉትን ሰዎች መጠየቅ፣ በአምደወርቅና በሌላውም ገጠር ደግሞ የአገሩን ልጆች አስቀድሞ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ማዘጋጀት፣ ቤተ ሙከራ የሌለው የአገር ጥናት ማኅበር ሁሉ ሊሠራው የሚችለው ሥራ ነው።